ፎቶዬ ላይ ዋተርማርክ ላድርግ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ «ፎቶ ማንሣት መተዳደሪያዬ አይደለም፤ በትርፍ ጊዜዬ የምሠራው፣ ግን ከልቤ የምወደው ነገር ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት ያነሣኋቸውን ፎቶዎች በማኅበራዊ ገጾቼ ላይ ስለጥፍ ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ጎሕ ሲቀድ ያነሣሁትን የሐይቅ ፎቶ አንድ የማላውቀው ገጽ ስሜን ሳይጠቅስ ለጥፎት፣ እኔ ጋ ካየው ሰው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሰው ሲያደንቀው አገኘሁ። ጓደኞቼ ‹ዋተርማርክ፣ ማለትም ስምህን ወይም ምልክትህን፣ ካላደረግህበት የእኔ ነው ብለህ መከራከር አትችልም፤ ደግሞም አንዴ ከለጠፍከው የገጹ ንብረት ሆኗል› ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ ምልክቱ ፎቶውን ያበላሸዋል ይላሉ። ከዛሬ ጀምሮ በሁሉም ፎቶዎቼ ላይ ላድርግ? ካደረግሁስ የት ቦታ፣ በምን መጠን?»

ምላሽ፦ የጓደኞችዎ አባባል ስሕተት ነው፤ ብዙ ሰው የሚጋራው ስሕተት ስለሆነም ከእርሱ ልነሣ። ፎቶው የእርስዎ የሆነው የካሜራውን ቁልፍ በተጫኑበት ቅጽበት ነው። የበርን ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል እ.ኤ.አ. በ1886 ተፈረመ፤ በ1908 በርሊን ላይ በተደረገለት ማሻሻያም መብቱ ያለ ምዝገባና ያለ ምልክት ከሥራው ጋር አብሮ እንዲወለድ ተደነገገ። ዛሬ ከ180 በላይ አገሮች የዚህ ስምምነት አባላት ናቸው። ጓደኞችዎ የያዙት እምነት ግን ከባዶ የመነጨ አይመስለኝም። አሜሪካ ወደ ስምምነቱ የገባችው ዘግይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሕጓ የባለቤትነት ማስታወቂያ ሳይጻፍበት የታተመ ሥራ መብቱን ሊያጣ ይችል ነበር። ያ ዘመን አልፏል፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ ይዞራል። በዚያው አገር ምዝገባ ዛሬም ጥቅም አለው፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ ከፍ ያለ ካሳ ለመጠየቅ በሩን የሚከፍተው በጊዜ የተደረገ ምዝገባ ነው። ይህ ግን መብትን የማስከበር ጉዳይ ነው፤ መብቱ ራሱ ከምዝገባው አስቀድሞ አለ። ተቀጥረው ወይም ታዝዘው ያነሡት ፎቶ ከሆነ ባለቤቱ ማን እንደሆነ በውሉና በየአገሩ ሕግ ይወሰናል። የእርስዎ የሐይቅ ፎቶ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ አያስነሣም።

ሁለተኛው አባባልም አይጸናም። ገጽ ሲከፍቱ የተስማሙበት የአገልግሎት ውል ፎቶውን እንዲያሳዩ፣ መጠኑን እንዲቀይሩና እንዲያሠራጩ ለአገልግሎት ሰጪዎቹ ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱ ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው፤ አንብቦ መቆጣት ተገቢ የሚሆንበት ቦታም አለ። ነገር ግን ታላላቆቹ ገጾች በውላቸው ባለቤትነቱ የለጣፊው ሆኖ እንደሚቀጥል በግልጽ ይጽፋሉ። እርስዎ ለገጹ የሰጡት ፈቃድ ደግሞ ለማንኛውም አላፊ አግዳሚ አይተርፍም። በአደባባይ የሚታይ ነገር ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት በመንገድ ዳር የቆመ መኪና ሁሉ ይነዳል እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ ምልክቱ መብትን የማይፈጥር ከሆነ ስርቆትን ይከላከላል ወይ ወደሚለው እንምጣ። አይከላከልም። በማዕዘን ላይ የተቀመጠ ስም በሁለት ጣት ተቆርጦ ይወጣል። ወደ መሐል ጠጋ ያለውን ደግሞ ዛሬ በስልክ ላይ ያለ የማስተካከያ ፕሮግራም በሰከንዶች ውስጥ ያጠፋዋል፤ ከምልክቱ በስተኋላ የነበረውን ሰማይ ወይም ውኃ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከዙሪያው ገምቶ ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የጉግል ተመራማሪዎች ያሳዩት ነገር ከዚህም የባሰ ነበር። አንድ ዓይነት ምልክት በአንድ ዓይነት አኳኋን የተደረገባቸው ብዙ ፎቶዎች በአንድ ላይ ከተገኙ፣ ኮምፒውተር ፎቶዎቹን እርስ በርስ አነጻጽሮ በሁሉም ላይ የማይለወጠውን ነገር ይለያል፤ ከዚያም ምልክቱን ከእያንዳንዱ ላይ ነቅሎ የመጀመሪያውን ፎቶ መልሶ ያወጣል። ይህን የሠሩት በትልልቅ የፎቶ ሻጭ ድርጅቶች ዓይነት ምልክት ላይ ነው። መፍትሔ ብለው ያቀረቡትም ምልክቱን በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ በጥቂቱ ማጣመም ነበር፤ ድክመቱ የሚመጣው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከመሆኑ ነውና። አማተሮች ደግሞ የሚያደርጉት በትክክል ይህንኑ ነው፤ አንድ ሎጎ አሠርተው ለዓመታት በአንድ ቦታ ያትሙታል።

ፎቶዎችን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ የሚሰበስቡ ማሽኖችም ምልክት አይተው አይመለሱም። ጌቲ ኢሜጅስ የተባለው የፎቶ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ስታቢሊቲ ኤአይን ሲከስስ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ፣ የተከሳሹ ፕሮግራም ከፈጠራቸው ሥዕሎች በአንዳንዶቹ ላይ የጌቲ ዋተርማርክ ተንሻፎና ተጨማዶ መታየቱ ነበር። ማሽኑ ምልክቱን የፎቶው አካል አድርጎ ተምሮታል። ለጌቲ ይህ የክስ ማስረጃ ሆነለት፤ እርስዎ ግን ስምዎን በመጻፍ ብቻ ከዚህ እጠበቃለሁ ብለው ተስፋ አያድርጉ።

ታዲያ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ምልክቱ በደንብ የሚሠራቸው ሥራዎች አሉት፤ ሁሉም ግን ከስም ጋር እንጂ ከመከላከል ጋር የተያያዙ አይደሉም። አብዛኛው ፎቶ ወሳጅ ሌባ ነኝ ብሎ አያስብም፤ ወዶት ያጋራዋል፣ ምንጩን ለማጣራት ጊዜ አይሰጥም። ስሙ ፎቶው ላይ ካለ ከፎቶው ጋር አብሮ ይጓዛል። የፎቶው ሐሳብ ያስደሰተው ሰውም ባለቤቱን ፈልጎ ያገኛል። ሆን ብሎ የሚወስደው ደግሞ ምልክቱን ሲቆርጥ አንድ ነገር ያረጋግጣል፤ ባለቤት እንዳለው ያውቅ ነበር። ይህ በሕግ ፊት ክብደት አለው። የዓለም የአእምሮአዊ ንብረት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው የቅጂ መብት ውል፣ አባል አገሮች ከሥራው ጋር በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተያያዘን የባለቤትነት መረጃ እያወቀ የሚያስወግድን ሰው የሚጠይቅ ሕግ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። አሜሪካ ይህን ተከትላ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው ሕግ እንዲህ ያለው ማስወገድ ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኗል፤ ፍርድ ቤት ለእያንዳንዱ ጥፋት ከ2,500 እስከ 25,000 ዶላር ሊወስን ይችላል። በዚያ ሕግ ጥበቃ የሚደረገው በፎቶው ላይ ለተጻፈ ስም ብቻ አይደለም፤ በፋይሉ ውስጥ ለተሰወረ ስምም ጭምር ነው። ይህችን ነጥብ ይያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጥቅሙ ይህ ከሆነ ዋጋውስ? እኔ ለኅትመት ፎቶ በመምረጥ ዓመታት አሳልፌአለሁ፤ ስለዚህ ይህን የምናገረው በቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎችን ካየ ሰው ዓይን ነው። የሰው ዓይን ጽሑፍ ባለበት ምስል ላይ ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚያርፈው ጽሑፉ ላይ ነው። ማንበብ ከተማርን ወዲያ ፊደል አይቶ አለማንበብ አይቻለንም። እርስዎ በዚያ ሐይቅ ፎቶ ላይ ተመልካቹ ከጨለማው ዳርቻ ተነሥቶ በውኃው ላይ ወዳረፈው ብርሃን እንዲሄድ አስበው ይሆናል፤ ነጭ ሎጎ በቀኝ ማዕዘን ላይ ካለ ግን ጉዞው ከሎጎው ይጀምራል፣ ተመልሶም እዚያው ያልቃል። ያ ሁሉ ጎሕ ጥበቃ፣ ያ ሁሉ ብርድ ለአንድ ጽሑፍ ማጀቢያ ይሆናል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ብዙ ጥሩ ፎቶዎች በባለቤታቸው እጅ ሲበላሹ አይቻለሁና።

የዋተርማርክን ልማድ የጀመሩት የጥንት ወረቀት ሠሪዎች ይህን አስቀድመው ተረድተውታል። በ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ፋብሪያኖ በተባለችው የጣሊያን ከተማ ወረቀት የሚሠሩ ሰዎች የየራሳቸውን ምልክት በሽቦ ቅርጽ ወረቀቱ ውስጥ ማስቀረት ጀመሩ። ምልክቱ የሚታየው ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲያዝ ብቻ ነበር፤ የተጻፈበትን የሚያነብ ሰው ምንም አያውከውም፣ ሠሪውን ማወቅ የፈለገ ግን ያገኘዋል። የዛሬው ዋተርማርክ ስሙን ወረሰ፤ ጨዋነቱን ግን አብዛኛውን ጊዜ ትቶታል።

ሌላም ዋጋ አለ። የፎቶ ውድድሮች ብዙዎቹ ምልክት ያለበትን ፎቶ አይቀበሉም፤ ዳኞች የአንሺውን ማንነት እንዳያውቁ ስለሚፈለግ ነው። ፎቶ የሚሸጡ ድርጅቶችም ለገዢ ሲያሳዩ የራሳቸውን ምልክት ያትሙበታል እንጂ እርስዎ ምልክት ያተሙበትን አይወስዱም። ምልክት የሌለበትን ዋና ቅጂ አስቀምጠው ከሆነ ይህ ጉዳት አያደርስም። የጉዳቱ ሰለባ የሚሆነው በዋናው ፋይል ላይ ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል፣ ፎቶው ለሽፋን ታጭቶ ንጹሑ ቅጂ ስለሌለ ቀረ።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልምጣ። ላድርግ ወይስ አላድርግ ከማለትዎ በፊት የሚፈሩት ምን እንደሆነ ለራስዎ ይመልሱ። ገንዘብ ማጣትን፣ ስም ማጣትን ወይስ ፎቶው ለክፉ ነገር መዋሉን? ለሦስቱ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

ፍርሃትዎ ገንዘብ ከሆነ የሚጠብቅዎ የፎቶው መጠን ነው። 24 ሜጋፒክስል የሆነ ካሜራ 6,000 በ4,000 ፒክስል፣ ማለትም የቀለም ነጥብ፣ ያለው ፎቶ ይሰጣል። በጥሩ ኅትመት ልማድ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ፒክስል፣ ይህ ፎቶ ወርዱ 51፣ ቁመቱ 34 ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ ሊታተም ይችላል፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ያንኑ ፎቶ ረጅሙ ጎኑ 1,600 ፒክስል እንዲሆን አሳንሰው ቢለጥፉት፣ በዚያው ጥራት ከ14 ሴንቲሜትር አያልፍም። በስክሪን ላይ ግን አሁንም ያማረ ነው። ስለዚህ ትልቁን ፋይል በአደባባይ አያስቀምጡ። ገደቡንም ይወቁ፤ ዛሬ ትንሽ ፎቶን የሚያሳድጉ ፕሮግራሞች አሉ፣ የጎደለውን ዝርዝር ከራሳቸው ፈጥረው ይሞላሉ። ፎቶውን በኢንተርኔት ላይ ብቻ መጠቀም ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ትንሹም ይበቃዋል። ማሳነስ ኅትመትን ያስቸግራል፤ ከዚያ በላይ አይጠብቁበት።

ፍርሃትዎ ሦስተኛው፣ ማለትም ፎቶው ለክፉ ነገር መዋሉ ከሆነ መልሴ አጭርና ጥብቅ ነው። የልጅዎን፣ የቤተሰብዎን ወይም በፎቶ መታየቱን ያልፈቀደን ሰው ምስል ዋተርማርክ አይጠብቀውም፤ የሚጠብቀው አለመለጠፍ ወይም ለሚያውቁት ሰው ብቻ ማሳየት ነው። የፎቶው የቅጂ መብት የእርስዎ መሆኑም በፎቶው ውስጥ ያለው ሰው በራሱ ምስል ላይ ያለውን መብት አይሽርም። ሁለቱ የተለያዩ መብቶች ናቸው፤ ስምዎን በትልቁ ቢጽፉበትም አይቀላቀሉም።

ከጥያቄዎ እንደተረዳሁት ግን እርስዎን የከነከነዎት ሁለተኛው ነው። ያ ገጽ የወሰደብዎት ስምዎን ነው። ስለ ስም ሲነሣ ሁልጊዜ የማስታውሰው አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ሃይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ዳንኤል ሞሬል የተባለ ሃይቲያዊ ፎቶ ጋዜጠኛ በቦታው ነበር። በዚያው ቀን ያነሣቸውን ፎቶዎች በትዊተር በኩል ለቀቃቸው። ፎቶዎቹ ላይ የተጻፈ ምልክት አልነበረም፤ ስሙ የሚታየው በገጹ ላይ ብቻ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ሌላ ሰው ገልብጦ የራሱ አስመስሎ ለጠፋቸው፤ ኤኤፍፒ የተባለው የዜና ወኪል ከዚያ ወስዶ በጌቲ በኩል ለዓለም ሲያሠራጫቸው ስማቸው የተጠራው በገልባጩ ነበር። ክርክሩ ሦስት ዓመት ከፈጀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ሁለቱ ድርጅቶች ለሞሬል 1.2 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፍሉ ወሰኑ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። ምልክት አለመኖሩ መብቱን አላሳጣውም፤ «ትዊተር ላይ ስለለጠፈው ማንም ይወስደዋል» የሚለው ክርክርም አልጸናም። ሆኖም ስሙ ከፎቶው ውጪ፣ በገጹ ላይ ብቻ ስለነበረ ፎቶውን ከስሙ ለመነጠል አንድ መገልበጥ በቂ ሆኗል።

ስለዚህ ስምዎን ከፎቶው ጋር ማሠር አለብዎት። የመጀመሪያው ማሠሪያ የማይታየው ነው። እያንዳንዱ ዲጂታል ፎቶ ሜታዳታ የሚባል መረጃ በውስጡ ይይዛል። ካሜራው ራሱ የሚጽፈው ኤግዚፍ የሚባለው ክፍል ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሌንሱን ዓይነት ይመዘግባል። አይፒቲሲ የሚባለው ደግሞ በዜና ድርጅቶች የተለመደ ሲሆን የአንሺውን ስም፣ የቅጂ መብት መግለጫና አድራሻ የሚቀበሉ ቦታዎች አሉት። አብዛኞቹ የተሻሉ ካሜራዎች በምናሌያቸው ውስጥ ስምዎን አንድ ጊዜ እንዲያስገቡ ይፈቅዳሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚያነሡት ሁሉ ስምዎን ይዞ ይወለዳል። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞችም ፎቶ ከካሜራው ሲያስገቡ ይህን በራሳቸው እንዲሞሉ ማድረግ ይቻላል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ፣ የፎቶውንም አንዲት ነጥብ የማይነካ ሥራ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ነጥብም እዚህ ላይ ይገባል፤ ይህን መረጃ እያወቀ የሚፍቅ ሰው በሕግ ሊጠየቅ ይችላል።

የዚህም ገደብ አለው። ብዙዎቹ ማኅበራዊ ገጾች ፎቶ ሲጫንባቸው ሜታዳታውን በሙሉ ወይም በከፊል ያራግፉታል። በራስዎ ድረ ገጽ ላይ ሲያስቀምጡት ወይም ለሰው ዋናውን ፋይል በኢሜይል ሲልኩት ግን ይቆያል። ጉግልም ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ የፈቃድ መረጃ የተጻፈበትን ፎቶ በምስል ፍለጋው ውስጥ ለይቶ ያሳያል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ በተለይ በስልክ ለሚያነሡ። ይኸው ሜታዳታ ፎቶው የተነሣበትን ቦታ መጋጠሚያ ነጥብ ሊይዝ ይችላል። ቤትዎ ውስጥ ያነሡትን ፎቶ እንዲህ አድርገው ለሰው መላክ የቤትዎን አድራሻ እንደ መላክ ነው። ስምዎን ይጻፉ፣ የቦታ መረጃውን ግን ያጥፉ።

አዳዲስ መንገዶችም እየመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተቋቋመው ሲቱፒኤ የተባለ ጥምረት ፎቶው በማን መሣሪያ እንደተነሣና ምን ለውጥ እንደተደረገበት የሚናገር፣ ከተነካካ የሚያስታውቅ ዲጂታል ፊርማ የሚገጠምበትን ደንብ አውጥቷል፤ ላይካ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ካሜራ ላይ ፊርማው ከካሜራው ጀምሮ ይገጠማል። ተስፋ የምጥልበት ሥራ ነው። ነገር ግን ይህም መረጃ በየገጹ ሊራገፍ ስለሚችል ለዚህ ብለው ካሜራ አይቀይሩ።

ሁለተኛው ማሠሪያ የሚታየው ስም ነው። የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፤ በሁሉም ፎቶዎችዎ ላይ አያድርጉ። በአደባባይ ይዞራሉ ብለው በሚያስቧቸው ጥቂቶች ላይ ብቻ፣ ያውም ትንሽ አድርገው ይጻፉ። ሎጎ ይተዉ፤ የካሜራ ሥዕል፣ ክንፍና ክብ ያለበት ሎጎ ስለ እርስዎ የሚናገረው ነገር የለም። የሚያስፈልገው ሰው ጽፎ ሲፈልገው እርስዎን ብቻ የሚያመጣ ስም ነው። ለኅትመት ፎቶ ስመርጥ ባለቤቱን ፍለጋ ስንት ሰዓት እንዳጠፋሁ አልረሳም፤ በፎቶው ላይ አንድ የመጠሪያ ስምና «ፎቶግራፊ» የሚል ቃል ተጽፏል፣ በዚያ ስም የሚጠራው ደግሞ አገር ሙሉ ሰው ነው። ሙሉ ስምዎን ወይም የገጽዎን መጠሪያ በተለመደ፣ በሚነበብ ፊደል ይጻፉ። የተጠላለፈ የእጅ ጽሕፈት በስልክ ላይ ጭረት ብቻ ነው የሚመስለው። ዓመተ ምሕረት ባይጽፉበት እመርጣለሁ፤ ፎቶው ሳያረጅ ያስረጀዋል።

ቦታውን በተመለከተ የፎቶውን ስፋት ይመልከቱ። በማዕዘኑ ጫፍ ላይ ያለ ስም ለመቆረጥ የተዘጋጀ ነው፤ ከፊት ወይም ከዋናው ነገር ላይ ያለ ደግሞ ፎቶውን ይገድለዋል። መካከለኛው ቦታ በፎቶው ውስጥ ካለ አንድ መስመር አጠገብ ነው። በሐይቁ ፎቶ ላይ ቢሆን ዳርቻው ከውኃው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ፣ ከዳርቻው ቀለም ጥቂት ፈካ ባለ ቀለም እጽፈው ነበር፤ እዚያ ያለውን ለመቁረጥ ነጸብራቁን መቁረጥ ግድ ይሆናል። የፊደሉ ቁመት ከፎቶው ቁመት ከመቶ ሁለት እጅ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በስልክዎ ከፍተው ይዩት። ፈልገው ካገኙት በቂ ነው፤ ሳይፈልጉ ካገኙት በዝቷል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በሚለጠፈው ቅጂ ላይ ነው እንጂ በዋናው ላይ በፍጹም አይደለም።

መሐል ላይ የተጋደመ ትልቅ ምልክት የሚገባበት አንድ ቦታ አለ። ሰው መርጦ እንዲገዛ የሚያሳዩት ፎቶ፣ ለምሳሌ የሠርግ ወይም የስፖርት ውድድር ፎቶ ከሆነ ምልክቱ «ገና አልተከፈለበትም» የሚል መልእክት አለው፤ ገዢውም ከከፈለ በኋላ ንጹሑን እንደሚቀበል ያውቃል። እንዲህ ያለ ሥራ ሲጀምሩ ያድርጉት። እስከዚያ ግን ሰው እንዲወደው የለጠፉትን ፎቶ በመጋረጃ ሸፍነው ማሳየት ይሆንብዎታል።

ከምልክቱ ሁሉ ይልቅ ክርክር ሲመጣ የሚረዳዎ በእጅዎ ያለው ዋና ፋይል ነው። ካሜራዎ ሮው በሚባለው፣ የተነሣውን ሳያስተካክል እንዳለ በሚያቆየው ቅርጽ የሚያስቀምጥ ከሆነ ያንን አይሰርዙ፤ ወሳጁ ሊኖረው የሚችለው ከገጽዎ የገለበጠውን ትንሹን ቅጂ ብቻ ነው። ከዚያም በላይ ጠንካራ ማስረጃ አለ፤ ከተመረጠው ፎቶ በፊትና በኋላ ያነሷቸው፣ ያልተሳኩት ፎቶዎች። ወፏ ገና ከውኃው ያልተነሣችበት፣ አድማሱ የተንጋደደበት ፎቶ ያለው በቦታው የቆመው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ምርጡን አስቀርተው ሌላውን ከመደምሰስዎ በፊት ከምርጦችዎ አጠገብ ያሉትን ሁለት ሦስቱን ያቆዩ፤ በሁለት የተለያዩ ማስቀመጫዎችም ይገልብጧቸው።

ፎቶዎ የት እንደደረሰ ለማወቅም በየሁለት ወሩ ከምርጦችዎ አሥሩን በምስል ፍለጋ፣ ማለትም በቃል ፈንታ ፎቶውን ራሱን አስገብተው፣ ይፈልጓቸው። ቲንአይ የተባለው ድረ ገጽ ይህን አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ጉግልም አለው። ባገኙት ሁሉ አይቆጡ። ለዜና፣ ለሂስና ለትምህርት የተወሰነ አጠቃቀም በብዙ አገሮች ሕግ ይፈቀዳል፤ ማን፣ ለምን እንደተጠቀመበት አይተው ይፍረዱ።

የሐይቁን ፎቶ በተመለከተ ዛሬ የሚያደርጉት ይህን ነው። ምንም ከመጻፍዎ በፊት ፎቶው በዚያ ገጽ ላይ እንዳለ የስክሪን ቅጂ ይያዙ፤ አድራሻውና ቀኑ ይታይበት፤ መልእክት ከደረሳቸው በኋላ ሊያነሡት ይችላሉና። ከዚያ ያለ ቁጣ አጭር መልእክት ይላኩ፤ ፎቶው የእርስዎ እንደሆነ፣ መጀመሪያ የለጠፉበትን ቦታና ቀን፣ የሚፈልጉትንም ይንገሯቸው። የሚፈልጉትን አንድ ያድርጉት፤ ወይ ስምዎና ገጽዎ ይጠቀስ ወይ ፎቶው ይነሣ። ያን ያህል ሰው ካየው በኋላ ስምዎ ቢጠቀስ ከመነሣቱ የበለጠ ይጠቅምዎታል ብዬ አምናለሁ። ብዙዎቹ በዚህ ይስተካከላሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ መልስ ካላገኙ ታላላቆቹ ማኅበራዊ ገጾች የቅጂ መብት አቤቱታ ማቅረቢያ ቅጽ አላቸው፤ እርሱን ሞልተው የመጀመሪያውን ልጥፍዎን አድራሻ ያያይዙ። ቅጹ ላይ የሚፈርሙት እውነት መሆኑን አረጋግጠው ነው፤ የሐሰት አቤቱታ ራሱ ያስጠይቃል፣ ተቃዋሚውም መልስ የመስጠት መብት አለው። የሮው ፋይሉንም ሆነ ከጎኑ ያሉትን ፎቶዎች ለማንም አይላኩ፤ ክርክሩ ከቀጠለ ብቻ የሚያሳዩዋቸው ናቸው።